ሳላደርገው የፈረሰ ጫማ፣ የሚለቅ ጂንስ፣ የሚሸት ቲሸርት፦ ልብሳችን ውስጥ ምን ዓይነት ኬሚስትሪ አለ?

ባለስኒከሩ
ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ጥያቄዬ ኬሚስትሪ ለሚገባው ሰው ነው። ለክት ብዬ ካርቶኑ ውስጥ ያስቀመጥኩት ስኒከር ነበረኝ። ዓመታት አልፈውታል፣ ጭቃ እንኳን ነክቶት አያውቅም። ሰሞኑን አውጥቼ አደረግኩት። ገና ጥቂት እንደተራመድኩ ከታች ያለው ነጩ ስፖንጅ መፈርፈር ጀመረ። በጣቴ ስነካው ዱቄት ይሆናል። ላዩ ግን ልክ እንደተገዛ ነው። ፎርጅድ ሸጠውልኝ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው?

እግረ መንገዴን፣ ጫማና ልብስ ውስጥ በአጠቃላይ ምን ያህል ኬሚስትሪ አለ? እኔ የማውቀው ኬሚስትሪ ቀመር መሸምደድ ብቻ ነው።

ፖሊመር
ፎርጅድ ላይሆን ይችላል። ውድ የሚባሉ ስኒከሮችና የተራራ ጫማዎችም እንዲህ ይፈርሳሉ። ሃይድሮሊሲስ ነው የበላው፣ ማለትም ውሃ።

ያ ነጭ ስፖንጅ ፖሊዩሬቴን ሳይሆን አይቀርም። ፖሊዩሬቴን ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት ነው። በአንዱ ዓይነት ላይ ሰንሰለቱን ከሚያያይዙት ነገሮች መካከል ኤስተር የሚባል ትስስር አለ። አየር ላይ ያለው እርጥበት ቀስ እያለ ስፖንጁ ውስጥ ይገባና ኤስተሩን ይቆርጠዋል። ሲቆረጥ አሲድ ይፈጠራል። አሲዱ ደግሞ ቀጣዩን መቆረጥ ያፋጥናል። ስለዚህ ለዓመታት ምንም ሳይመስል ይቆይና መፍረስ ሲጀምር አይመለስም። ሙቀት ሲታከልበት ደግሞ ይብሳል።

ፋብሪካዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ኤስተር የሌለው፣ ኤተር የሚባል ትስስር ያለው ፖሊዩሬቴንም አለ። እሱ ውሃን በደንብ ይቋቋማል። ግን ኤስተሩ መፋቅንና ዘይትን በመቋቋም ይበልጠዋል። ምርጫው ሁልጊዜ አንዱን ይዞ ሌላውን መልቀቅ ነው።

ሌላው የተለመደ ስፖንጅ ኢቪኤ ነው። ቀላል፣ የሚለጠጥ። ውስጡ ጋዝ በሚለቅ ኬሚካል ይነፋል፣ እንደ ዳቦ እርሾ በሉት። የኢቪኤ ዋና ሰንሰለት ካርቦን ከካርቦን የተያያዘበት ስለሆነ እርጥበት አይበጥሰውም። የእሱ ችግር ሌላ ነው። ብዙ ሲረገጥ ጠፍጥፎ ይቀራል፣ ወደ ቦታው አይመለስም።

ባለስኒከሩ
ስለዚህ ባደርገው ኖሮ ይሻል ነበር? ካርቶኑ ውስጥ የነበረችው ትንሿ ጥራጥሬ ያለባት ከረጢትስ ለምን አላዳነችውም?

ፖሊመር
ብታደርገውም ባታደርገውም ኬሚስትሪው ይቀጥላል። ቢያንስ ግን ትጠቀምበት ነበር። ጫማ በተለይ እንዲህ ያለው ተቀምጦ አይጠቅምም።

ከረጢቷ ውስጥ ያለው ሲሊካ ጄል ነው። እርጥበት ይስባል፣ ግን መጠኑ ውስን ነው። ካርቶን ደግሞ አየር ያስገባል። ስለዚህ ጥራጥሬዋ ቶሎ ትጠግባለች፣ ከዚያ በኋላ ጌጥ ናት። ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል።

እግረ መንገዴን፦ ሲሊካ ጄል ራሱ መርዛማ አይደለም። የሚያስፈራው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ አውሮፓ ውስጥ ከሶፋና ከጫማ ጋር በመጡ ከረጢቶች ምክንያት ብዙ ሰው ቆዳው ተቃጠለ። ከረጢቶቹ ውስጥ የነበረው ሻጋታ የሚከላከል ዳይሜትል ፉማሬት የሚባል ኬሚካል ነበር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ከለከለው።

ተፈጥሮ ይሻላል
ይኸው! እኔ ሁልጊዜ የምለው ይህን ነው። ኬሚካል የገባበት ነገር ሁሉ አይበረክትም፣ ጤናም አይሰጥም። ጥጥ፣ ሱፍና እውነተኛ ቆዳ ብቻ ልበሱ። ተፈጥሮ ይሻላል።

መርፌና ክር
ወንድሜ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምትለው ጥጥ ወደ እኔ እጅ እስኪደርስ ምን እንዳለፈበት ብታውቅ ይህን አትልም። ክሩ ሲሸመን እንዳይበጠስ ስታርች ይቀባል፣ በኋላ በኤንዛይም ይታጠባል። ሰሙና ቅባቱ እንዲወጣ በኮስቲክ ሶዳ ይቀቀላል። ነጭ እንዲሆን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይገባበታል። ይበልጥ እንዲያበራ የፀሐይን የማይታይ ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ነገር ይጨመራል። ነጭ ሸሚዝ ጭፈራ ቤት በወይን ጠጁ መብራት የሚያበራው ለዚህ ነው። ከዚያ ገና ቀለም አለ።

ያ የሚያብረቀርቀው፣ ለመስፊያ የምንወደው የጥጥ ክርም የኮስቲክ ሶዳ ሥራ ነው። ጆን መርሰር የሚባል እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ ነው ያገኘው። ጥጡ ሶዳው ውስጥ ያብጣል፣ ጠፍጣፋው ፋይበር ክብ ይሆናል፣ ቀለምም የበለጠ ይጠጣል። በኋላ ሌላ ሰው ክሩን ወጥሮ ይዞ ቢያደርገው ማብረቅረቁን አገኘ።

ቆዳ ቤት
"እውነተኛ ቆዳ" ላላችሁት እኔ ልመልስ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ቆዳ በማልፋት ሥራ ነው።

ልጆች፣ ኬሚስትሪ ያልነካው ቆዳ እርጥብ ከሆነ ይበሰብሳል፣ ከደረቀ ደግሞ ጣውላ ይሆናል። ጫማ የሚሆነው ከለፋ በኋላ ነው። መጀመሪያ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ፀጉሩ ይነቀላል። ሰልፋይዱ የፀጉሩን የድኝ ትስስር ይበጥሰዋል፣ ፀጉሩ ይሟሟል። ቆዳው ግን ኮላጅን የሚባል ሌላ ፕሮቲን ስለሆነ ይተርፋል። ከዚያ ኖራው ይወጣል፣ ቆዳው በጨውና በአሲድ ይዘጋጃል፣ ክሮሚየም ሰልፌት ይገባበታል። ክሮሚየሙ በኮላጅኑ ሰንሰለቶች መሃል ገብቶ አንዱን ከሌላው ያስራል። ሲወጣ ሰማያዊ ነው፣ በሙያው ዌት ብሉ እንለዋለን። በመጨረሻ ዘይት ይጠጣል። ዘይቱ ባይኖር ሲደርቅ ፋይበሮቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ይደርቃሉ።

መለፋቱን እንዴት ታውቃለህ? ቁራጩን የፈላ ውሃ ውስጥ ክተተው። ጥሬው ቆዳ 60 ዲግሪ አልፎ ብዙም ሳይቆይ ይኮማተራል። በዛፍ ቅርፊት ታኒን የለፋው ከ70 እስከ 85 ባለው ውስጥ ይኮማተራል። በክሮም በደንብ የለፋው ግን በፈላ ውሃም አይነቃነቅም። በቅርፊት ማልፋት ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይፈጅ ነበር። በክሮም በአንድ ቀን ያልቃል። ዛሬ በዓለም ላይ አብዛኛው ቆዳ በክሮም የሚለፋው ለዚህ ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ያዙ። የራሰ የቆዳ ጫማ እሳት ወይም ምድጃ አጠገብ አታድርቁ። ቆዳ እርጥብ ሲሆን ሙቀት የመቋቋም አቅሙ ይወርዳል። ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ውስጥ አቆዩት።

ተፈጥሮ ይሻላል
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ክሮሚየም ካንሰር ያመጣል አይደል እንዴ? ያንን ነው እግራችን ላይ የምናደርገው?

ቆዳ ቤት
ጥሩ ጥያቄ ነው። ክሮሚየም ሁለት መልክ አለው፦ ክሮሚየም ሦስትና ክሮሚየም ስድስት። የምናለፋበት ሦስቱ ነው። ካንሰር የሚያመጣውና ቆዳ የሚያሳክከው ስድስቱ ነው። ችግሩ ሥራው በአግባቡ ካልተሠራ ሦስቱ ወደ ስድስት ሊቀየር ይችላል። የተበላሸ ዓይነት ዘይት ከተጠቀምክ፣ የቆዳውን አሲድ በአልካሊ ከልክ በላይ ካጠፋኸው፣ ወይም ቆዳው በጣም ከሞቀ ይሆናል። አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሰውነት በሚነካ የቆዳ ዕቃ ላይ በኪሎ ከ3 ሚሊግራም በላይ ክሮሚየም ስድስት እንዳይገኝ ከልክሏል።

እውነቱን ንገሩኝ ካላችሁኝ ግን ጉዳቱ ከባድ የሚሆነው ጫማ አድራጊው ላይ አይደለም። ሠራተኛው ላይና ወንዙ ላይ ነው። የሰልፋይዱ ፍሳሽ ከአሲዱ ፍሳሽ ጋር ከተገናኘ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ጉድጓድ ለማጽዳት የገባን ሰው በደቂቃዎች ይገድላል። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ሽታው አይሰማህም፣ አፍንጫን ያደነዝዛል። ስለ ቆዳ ኬሚስትሪ ስታወሩ ይህንን አትርሱ።

ዝምተኛ አንባቢ
ለዓመታት እዚህ መድረክ ላይ አንብቤ አልፋለሁ እንጂ አልጽፍም። ጋሼ ይህንን ስለጻፉልን እናመሰግናለን።

የአስራ አንደኛ ክፍል
እኔ ተማሪ ነኝ፣ ጥያቄ አለኝ። ጂንስ ለምን ይለቃል? ቲሸርቴም ጥጥ ነው፣ ጂንሱም ጥጥ ነው። ቲሸርቱ ሲታጠብ ምንም አይሆንም፣ ጂንሱ ግን በየጊዜው ይነጣል፣ ጉልበቱ ላይ ደግሞ ይብሳል።

ፖሊመር
ይህን ጥያቄ ወደድኩት። መልሱ ሁለቱ ቀለሞች ከጥጡ ጋር ባላቸው ግንኙነት ላይ ነው።

የጂንሱ ቀለም ኢንዲጎ ነው። ኢንዲጎ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። የማይሟሟ ነገር ደግሞ ክር ውስጥ መግባት አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ ሶዲየም ዳይቲዮናይት በሚባል ኬሚካል ኤሌክትሮን ይሰጡታል፣ ሪዳክሽን የሚባለው ነው። ያኔ ሰማያዊነቱን አጥቶ ቢጫ አረንጓዴ ይሆናል፣ ይሟሟልም። ክሩን ይነክሩታል፣ ያወጡታል። አየር ሲነካው ዓይንህ እያየ ወደ ሰማያዊ ይመለሳል። ጥቁር ሰማያዊ ለማግኘት ይህን ደጋግመው ያደርጉታል።

አሁን ኢንዲጎው እንደገና የማይሟሟ ሆኗል፣ ክሩ ላይ ታስሮ ቀርቷል። ግን ከጥጡ ጋር በጠንካራ ትስስር አልተያያዘም። አብዛኛው ደግሞ የክሩ ዳር ላይ ነው የሚቀመጠው። ከጂንስህ አንድ ሰማያዊ ክር መዘህ በምላጭ ብትቆርጠው መሃሉን ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። ጉልበትህ ሲፋተግ ዳሩ ይላጣል፣ ነጩ ይወጣል። ፋሽን ዓለም ይህንን ጉድለት ወስዶ ውበት አደረገው። ሰዎች አዲሱን ጂንስ ገና ከፋብሪካ ሳይወጣ እንዲነጣ ያስደርጉታል! ድሮ በድንጋይ ነበር፣ ዛሬ ሴሉሌዝ የሚባል ኤንዛይምም ይጠቀማሉ። ኤንዛይሙ የጥጡን ላይኛ ፋይበር በልቶ ቀለሙን ያራግፋል። በአሸዋ መንፋት የሚባለው ዘዴ ግን ገዳይ ሆኖ ተገኘ። ቱርክ ውስጥ ብዙ ወጣት ሠራተኞች በሲሊካ ብናኝ ሳንባቸው ደረቀ፣ አገሪቱም ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ2009 ከለከለች።

የቲሸርትህ ቀለም ምናልባት ሪአክቲቭ የሚባለው ነው። ራቲና ስቲቨን የሚባሉ ሁለት ሰዎች አይሲአይ በሚባለው የብሪታንያ ኩባንያ በ1950ዎቹ ነው የሠሩት፣ ገበያ ላይ የወጣው በ1956 ነው። ይህ ቀለም ጥጡ ላይ አይቀመጥም፣ ጥጡ ከተሠራበት ሴሉሎስ ጋር ኮቫለንት በሚባል ጠንካራ ትስስር ይጋባል። ከዚያ በኋላ የጥጡ አካል ነው። ሳሙና አያወጣውም።

መርፌና ክር
እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ደንበኞቼ "ቀለሙ እንዳይለቅ በኮምጣጤና በጨው ዘፍዝፊው" ይሉኛል። ዘፍዝፌ አይቻለሁ፣ የሚለቅ ይለቃል።

ፖሊመር
ልክ ነሽ እህቴ። ጨው የሚጠቅመው ጨርቁ ሲቀለም ነው፣ ቀለሙን ከውሃው ገፍቶ ወደ ክሩ ያስጠጋዋል። ከተቀለመ በኋላ ትስስር አይፈጥርም። ኮምጣጤ ደግሞ ለሱፍና ለሐር ማቅለሚያ ነው የሚሠራው፣ ለጥጥ አይደለም። አዲስ ልብስ መጀመሪያ ላይ ቀለም የሚለቀው ፋብሪካው ያልተያያዘውን ትርፍ ቀለም በደንብ ስላላጠበው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለብቻው፣ ጥቂት ጊዜ። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ተፈጥሮ ይሻላል
እሺ፣ ቢያንስ የጥንቱ ኢንዲጎ ከቅጠል ነው የሚወጣው። አሁን ያለው አርቴፊሻል ነው።

ፖሊመር
ከቅጠል የወጣው ኢንዲጎና ከፋብሪካ የወጣው ኢንዲጎ አንድ ሞለኪውል ናቸው። አዶልፍ ፎን ባየር የሚባል ጀርመናዊ አወቃቀሩን በ1883 አወቀ። ባስፍ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ በ1897 ፋብሪካ ውስጥ አምርቶ መሸጥ ጀመረ። ልዩነቱ ከቅጠሉ የሚወጣው ሌላ ነገርም የተቀላቀለበት መሆኑ ብቻ ነው።

የሰው ሠራሽ ቀለም ታሪክ ራሱ አስቂኝ ነው። ዊልያም ፐርኪን በ1856 ለንደን ውስጥ የ18 ዓመት ልጅ ሳለ የወባ መድኃኒት ኩዊኒን ሊሠራ ሲሞክር ጥቁር አተላ አገኘ። አተላውን በአልኮል ሲያጥበው ወይን ጠጅ ቀለም ወጣ። ሐር ነከረበት፣ ያዘ። ትምህርቱን ትቶ ፋብሪካ ከፈተ። ከዚያ በፊት ወይን ጠጅ ልብስ የሀብታም ነበር።

"ተፈጥሯዊ" እና "ኬሚካል" ብሎ መክፈል ለገዢ አይጠቅምም ነው የምለው። ምን ከምን ጋር እንዴት እንደተያያዘ ብትጠይቅ ልብሱ እንዴት እንደሚያረጅ፣ በምን እንደሚታጠብ፣ ምን እንደሚያበላሸው ትደርስበታለህ።

መርፌና ክር
ስለ መተኮስ ማንም አላነሳም። ጥጥና ተልባ ለምን ይጨማደዳሉ?

ፖሊመር
የሴሉሎስ ሰንሰለቶች ጎን ለጎን በሃይድሮጅን ትስስር ተያይዘዋል። ብቻውን ደካማ ነው፣ ብዛቱ ግን ጉድ ነው። ስትቀመጪበት ጨርቁ ይታጠፋል፣ ትስስሩ ይላቀቅና በአዲሱ ቦታ ይያያዛል። ጭምድድ ብሎ ይቀራል። ካውያው የሚሠራው በእንፋሎቱ ነው። ውሃው ሰንሰለቶቹ መሃል ገብቶ ትስስሩን ያላቅቃል፣ ሙቀቱ ያደርቀዋል፣ ሰንሰለቶቹም ባስተካከልሽበት ቦታ ይያያዛሉ። በደረቅ ካውያ የምትታገሉ ሰዎች ለዚህ ነው የምትደክሙት።

"ካውያ አያስፈልገውም" የሚባለው ሸሚዝ ደግሞ ሰንሰለቶቹን በማይላቀቅ ድልድይ ያሰረ ነው። ድልድዩ ብዙ ጊዜ ፎርማልዲሃይድ ያለበት ሬዚን የሚባል ሙጫ መሰል ነገር ነው። ሁለት ዋጋ ይከፈልበታል። ጨርቁ መለጠጥ ስለማይችል ቶሎ ይቀደዳል። ትንሽ ፎርማልዲሃይድም ሊለቅ ይችላል።

መርፌና ክር
አዎ! አንዳንድ ጣቃ ስፈታ ዓይኔን ያቃጥለኛል። ለዚህ ነው ለሁሉም ደንበኛ "አዲስ ልብስ ሳታጥቡ አትልበሱ" የምለው። በተለይ የሕፃን ልብስ።

ባለስኒከሩ
የስፖርት ቲሸርቴ ፖሊስተር ነው። ታጥቦ ደርቆ ምንም ሽታ የለውም። ልክ እንደለበስኩት፣ ገና ሳላብ፣ የትናንቱ ላብ ይመለሳል። ይህስ?

ፖሊመር
ሃሃ፣ ይህ የሁሉም ሰው ሕመም ነው። ፖሊስተር ውሃ አይወድም። አየር ላይ ካለው እርጥበት የሚይዘው የክብደቱን 0.4 በመቶ ገደማ ነው። ጥጥ 8 በመቶ አካባቢ ይይዛል፣ ሱፍ ደግሞ እስከ 16። ውሃ የማይወድ ነገር ቅባት ይወዳል። የሰውነት ቅባትና ባክቴሪያ የሚያመርታቸው ሽታ ያላቸው ነገሮች ፖሊስተሩ ላይ ይለጠፋሉ፣ በቀላል አጠባ አይወጡም። ሲሞቅ ይነሳሉ።

ጨርቅ ማለስለሻ አትጨምርበት። ላዩ ላይ ቅባት ነገር ይለብጥበታል፣ ላብ የማውጣት ችሎታውን ያዳክማል፣ ሽታውንም ያሽጋል። ለብ ባለ ውሃና ኤንዛይም ባለበት ሳሙና ዘፍዝፈው። ገልብጠህም እጠበው፣ ቆሻሻው ከውስጥ ነው ያለው።

ፖሊስተር በዊንፊልድና በዲክሰን እጅ በ1941 እንግሊዝ ውስጥ ተገኘ። ከውሃ ጠርሙስ ፕላስቲክ ጋር አንድ ቁስ ነው። ኤስተር ትስስር አለው፣ አዎ፣ ከዚያ ከፈረሰው ሶል ጋር አንድ ዓይነት። ግን ሰንሰለቶቹ በጣም ተጠጋግተው ስለሚደረደሩ ውሃ አይገባቸውም። ቀለምም አይገባቸውም! ለማቅለም በግፊት ውሃውን 130 ዲግሪ ማድረስ አለብህ። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ የሚቀለም ጥቁር ቀለም ጥጡን ሲያጠቁር የፖሊስተር ስፌቱ ነጭ ሆኖ የሚቀረው።

የአስራ አንደኛ ክፍል
ናይለንስ?

ፖሊመር
ዋላስ ካሮተርስ፣ ዱፖንት ኩባንያ፣ 1935። ሐር ውስጥ ያለውን አማይድ ትስስር በሰው እጅ ሠራው። የናይለን ካልሲ በመላው አሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው በግንቦት 1940 ነው። እሱ ግን አላየውም፣ በ1937 ሞቷል።

መርፌና ክር
ጨርቁ ምን እንደሆነ ላልገባችሁ፦ እኔ ከስፌቱ ውስጥ ከተረፈው ጨርቅ ጥቂት ክር እመዝና በጉጠት ይዤ ክብሪት አስጠጋለሁ። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ አመዱ ለስላሳ ነው። ሱፍና ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ጥቁር ጢስ ያወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ጠጣር ጠጠር ይሆናል። ድብልቅ ሲሆን ሁለቱንም ያሳያል። ውሃ አጠገባችሁ ይኑር፣ የቀለጠው ጠብታ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ተፈጥሮ ይሻላል
እኔ አሁን የምለብሰው የቀርከሃ ልብስ ነው። ይህኛው ላይ ምን ትላላችሁ? ቀርከሃ ተክል ነው።

ፖሊመር
ይቅርታ ወንድሜ፣ እሱ በአብዛኛው ቪስኮስ ነው። የእንጨት ወይም የቀርከሃ ሴሉሎስ በኮስቲክ ሶዳና በካርቦን ዳይሰልፋይድ ይሟሟል፣ ወፍራም ፈሳሽ ይሆናል፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ አሲድ ሲረጭ ክር ሆኖ ይጠነክራል። ክሮስ፣ ቤቫንና ቢድል በ1892 እንግሊዝ ውስጥ ነው የፈጠሩት። አሜሪካ ውስጥ "ቀርከሃ" ብሎ መጻፍ አይፈቀድም፣ "ከቀርከሃ የተሠራ ሬዮን" መባል አለበት።

ክሩ ለሚለብሰው ሰው ምንም አይልም። ካርቦን ዳይሰልፋይድ ግን የሠራተኞችን ነርቭና አእምሮ ያጠፋ ነገር ነው። ድሮ በፋብሪካዎቹ ውስጥ ያበዱ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ የተሻለው ላዮሴል የሚባለው ክር ነው፣ እሱም ከሴሉሎስ ነው። እሱ የሚሟሟበት ፈሳሽ ከ99 በመቶ በላይ ተመልሶ ይሰበሰባል።

ስታጥበውም ተጠንቀቅ። ጥጥ ሲርስ ይጠነክራል፣ ቪስኮስ ግን ሲርስ ይደክማል። አትጭመቀው።

ተፈጥሮ ይሻላል
ኧረ ተዉኝ እናንተ ሰዎች። ሱፍ ቀረልኝ።

መርፌና ክር
በማሽን የሚታጠበው ሱፍ ብዙ ጊዜ በክሎሪን ቅርፊቱ ተነስቶ በፕላስቲክ የተለበጠ ነው 😄 ያልተለበጠው ደግሞ በሙቅ ውሃ ስታሸው ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና ለልጅ የሚሆን ሹራብ ይሆንልሃል።

ዝምተኛ አንባቢ
አንድ ጥያቄ። የዝናብ ጃኬቴ ድሮ ውሃ ከላዩ ይንከባለል ነበር። አሁን ይጠጣል። አልቋል ማለት ነው?

ፖሊመር
ሁለት ነገር ለይተን እንይ። ውስጥ ስስ ሽፋን አለ። ታዋቂው ጎርቴክስ ነው፣ ቦብ ጎር በ1969 ቴፍሎንን በፍጥነት ጎትቶ ሲወጥረው ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ስስ ነገር ሆነ። የውሃ ጠብታ አያልፍበትም፣ የላብ እንፋሎት ያልፋል። ውጪ ደግሞ ውሃ እንዲንከባለል የተቀባ ነገር አለ። ያንተ ያለቀው የውጪው ነው። በቆሻሻና በመፋተግ ይጠፋል። በደንብ አጥበህ፣ መለያው ከፈቀደ በልክ አሙቀው፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ካልተመለሰ የሚረጭ ይሸጣል።

ውጪው ላይ የሚቀባው ለረጅም ጊዜ ፒፋስ ከሚባሉት ኬሚካሎች ነበር። የካርቦንና የፍሎሪን ትስስር እጅግ ጠንካራ ነው። ውሃም ዘይትም የሚገፋው እሱ ነው፣ አካባቢ ውስጥ ገብቶ የማይጠፋውም እሱ ነው። ከመካከላቸው ፒፎኤ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2019 የማይጠፉ ኬሚካሎችን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ታገደ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ አዲስ ልብስ ላይ ሆን ተብሎ የሚጨመር ፒፋስን ከልክላለች። ምትኩ ሰምና ሲሊኮን ነው። ውሃ ይገፋሉ፣ ዘይት ግን አይገፉም። ለዝናብ ይበቃል። ለእሳት አጥፊ ልብስ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ቆዳ ቤት
ስለ ማጣበቂያም ተናገሩ እንጂ። ሶል ተላቀቀ ብሎ ሱፐር ግሉ የሚያፈስ ሰው በዝቷል። ያ ነገር ሲደርቅ እንደ መስታወት ይሰባበራል፣ ጫማ ደግሞ ሲራመዱ ይታጠፋል። የጫማ ሠሪ ማስቲሽ ኒዮፕሪን የተባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ነው፣ በፈሳሽ የሟሟ። ሁለቱንም ፊት ቀቡ፣ ፈሳሹ እስኪተን ታገሡ፣ ሲነካ የማይለጠፍ ሲሆን አጋጥማችሁ ምቱት። ቸኩላችሁ እርጥቡን ካጋጠማችሁ ፈሳሹ መሃል ታሽጎ ይቀራል፣ አይይዝም። ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ሶል ሲሆን ግን ማስቲሹ ከጊዜ በኋላ ይለቃል፣ የፒቪሲው ማለስለሻ ዘይት ሰርጎ ያሟሟዋል። ለሱ የፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ ነው።

መስኮት ክፈቱ። ኢስታንቡል ውስጥ ሐኪሙ ሙዛፈር አክሶይ በ1970ዎቹ ቤንዚን ያለበት ማጣበቂያ የሚጠቀሙ ጫማ ሠሪዎች ላይ የደም ካንሰር በዝቶ አግኝተው ነበር። መኪና ውስጥ የሚሞላው ነዳጅ አይደለም የምለው፣ ሌላ ኬሚካል ነው። በኋላ በሄክሴን የተተካባቸው ቦታዎች ላይ ደግሞ የሠራተኞች እግርና እጅ መደንዘዝ መጣ።

የአስራ አንደኛ ክፍል
አርቴፊሻል ሌዘር ጃኬት ለምንድነው የሚላጠው?

ቆዳ ቤት
ከላይ ያለው ፖሊዩሬቴን ከሆነ ፖሊመር ስለ ሶሉ የነገራችሁ ነው። ፒቪሲ ከሆነ ማለስለሻው ቀስ በቀስ ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ቅባት ብትቀቡትም አይመለስም፣ እንደ ቆዳ አይጠጣም።

መርፌና ክር
ጂንስ ላይ ያለችው 2 በመቶ ስፓንዴክስ፣ የምትለጠጠዋ ክር፣ እንዲሁ ናት። በበረኪናና በጋለ ካውያ ትሞታለች። ጉልበቱ ተንቦርቅቆ የሚቀረው ለዚህ ነው።

የአስራ አንደኛ ክፍል
የመጨረሻ ጥያቄ። ያረጀ ልብስ ለምን እንደ ጠርሙስ አይቀልጥም? ከጠርሙስ ልብስ እንደሚሠራ አንብቤያለሁ።

ፖሊመር
ንጹሕ ፖሊስተር ቢሆን ይቀልጣል። ነገር ግን አብዛኛው ልብስ ድብልቅ ነው። ጥጥ አይቀልጥም፣ ይቃጠላል። በማሽን ብትበጣጥሰው ደግሞ ፋይበሩ ያጥራል፣ ከአዲስ ጥጥ ካልተቀላቀለ ጠንካራ ክር አይወጣውም።

በኬሚስትሪ መለየት ይቻላል። ፖሊስተሩን በግላይኮል ወይም በሜታኖል ወደ መነሻ ሞለኪውሎቹ ትበትነዋለህ፣ ጥጡ ይተርፍልሃል። ወይም ጥጡን አሟሙተህ እንደ ቪስኮስ ትፈትለዋለህ። ግን ቀለሙ፣ ዚፑ፣ የስፌት ክሩ፣ መለያው ሁሉ መውጣት አለበት። ከሁሉ የሚያስቸግረው ያችው መርፌና ክር ያነሳቻት ስፓንዴክስ ናት። ትንሽ ሆና የሌላውን ሂደት ታበላሻለች።

ለፕሮጀክት ከፈለግከው በቀላሉ የምትሞክረው መደርደሩን ነው። ቤት ውስጥ ያለ ልብስ ሁሉ ላይ የተሰፋውን ወረቀት አንብብ፣ ከአንድ ፋይበር ብቻ የተሠራው ስንት እንደሆነ ቁጠርና እዚህ ጻፍልን።

የአስራ አንደኛ ክፍል
ቆጠርኩ። ፎጣዎቹና አንድ አንሶላ ብቻ። ካልሲ እንኳን ሦስት ዓይነት ነገር አለበት።

መርፌና ክር
ፎጣውም በፖሊስተር ክር ነው የተሰፋው፣ ጠርዙን ተመልከት።